ኤ የሚዘንብበት ኮርስ፦ ከጀሞ አንድ የተገኘ ጥናት

የቀላል ኮርስ ጥናት የራሱ ዲፓርትመንት፣ የራሱ ጆርናልና የራሱ በጀት የለውም። ወንበር ግን አለው። ወንበሩ ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግራውንድ ላይ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ፣ መደገፊያው የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ መለቀቁ በተሰማ ሳምንት፣ ፍሬሽማንን በሰላም የተሻገረ አንድ የሰፈር ልጅ እዚያ ላይ ይሰየማል። ወንበሩን ዘርግቶም የትኛው ኮርስ ኤ እንደሚያዘንብ፣ የትኛው ደግሞ ሰው እንደሚበላ ለአዲሶቹ ያስተምራል።

«ስማ፣ ሳይኮሎጂ ተረት ነው። ጂኦግራፊ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው፣ ባዶ እጅህን ግባ። ሎጂክ ላይ ብቻ ጥሩ መምህር እንዲደርስህ ጸልይ» ይላል። ዘንቢል ይዘው የሚያልፉ እናት ቆም ይሉና በአገጫቸው ልጃቸውን እየጠቆሙ «ልጄ፣ ለእሱስ የቱ ይሻለዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አይጨነቁ ማዘር፣ ቀላል ቀላሉን ይይዛል» የሚል መልስ ያገኛሉ። ለዚህ ጥናት መነሻ የሆነው ይህ መልስ ነው።

ጥናቱ ግን ገና ሲጀመር አንድ የዘዴ ችግር ገጥሞታል። የሚጠናው ነገር የለም። የኢትዮጵያ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኮርስ አይመርጥም።

ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት መሰናዶ ትምህርት ሲመጣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በትምህርት ፍኖተ ካርታው መሠረት ተመልሶ ሲገባ ኮርሶቹን አስቆጥሮ ነው የገባው፦ እንግሊዝኛ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ኢንትረፕረነርሺፕ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት፣ ፊዚካል ፊትነስ። ዝርዝሩ ጎንደርም ዲላም ያው ነው። ተማሪው ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፎ ስሊፑን ሲቀበል ሁሉም ተጽፎ ይጠብቀዋል። እንዲመርጥ የተፈቀደለት ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ነበር፤ እሱንም ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ጓደኛው የመረጠውን አይቶ መርጦ ጨርሷል።

የሚመረጥ ነገር አለመኖሩ ግን መምረጥን እንደማያስቀር ጀሞ ላይ በቂ ማስረጃ አለ። በ20/80 የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የተመዘገበ ሰው የመረጠው ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ የሚለውን ነበር። ብሎኩንና ፎቁን ዕጣው ነገረው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ቤተሰብ ታዲያ ቁልፉን ከተቀበለ ማግስት ጀምሮ አራተኛ ፎቅ ለምን እንደሚሻል እያለከለከ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ሲያስረዳ ይኖራል፤ አየር አለው፣ አቧራ አይደርስም፣ ሌባ አይደፍረውም። እዚህ ቤት ያደገ ልጅ ስሊፑ ላይ ተጽፎ ያገኘውን አንትሮፖሎጂ «ቀላል ስለሆነ ያዝኩት» ቢል የሚያስገርም ነገር የለውም።

የቀደሙ ጥናቶችን መቃኘት ደንብ ነውና፣ ምርጫ በእርግጥ የነበረበትን አገር ማየት ተገቢ ይሆናል። ቻርልስ ኤሊየት ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆኖ በቆየባቸው 40 ዓመታት የግዴታ ኮርሶችን አንድ በአንድ አነሣ፤ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ለጀማሪ ተማሪ የቀረው ግዴታ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ነጻ የተለቀቀ ወጣት ዝንባሌውን ይከተላል የሚል እምነት ነበረው። ወጣቱም ተከተለ። ዝንባሌው ፈተናቸው ወደማይከብድ ኮርሶች ሆኖ ተገኘ። በ1909 የተካው ላውረንስ ሎዌል የተከፈተውን በር መልሶ ገርበብ በማድረግ ሥራውን ጀመረ።

ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የሆነው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የየኮርሱን መካከለኛ ውጤት በድረ ገጹ ያወጣ ነበር። ሐሳቡ ኤ በርካሽ የሚገኝበት ኮርስ ይታወቅና የኤው ዋጋ በዚያው ልክ ይመዘን የሚል ነበር። በ2009 የታተመ የሦስት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ግን ተማሪው ዝርዝሩን ያነበበው እንደ ገበያ ዋጋ መሆኑን አሳየ፤ ወደ ለጋሶቹ ኮርሶች ጎረፈ። ኮርኔል በ2011 ዝርዝሩን ማውጣት አቆመ። ጀሞ ላይ እንዲህ ያለ ዝርዝር ያወጣ አካል የለም፤ ስለዚህ ሊያቆመው የሚችል አካልም የለም።

አሁን ወደ ግኝቱ። ኮርስ የማይመርጠው ተማሪ የሚመርጠው መምህር ነው፤ መምህር የሚመረጠው ደግሞ በሴክሽን ነው። ሴክሽን ብዙ ጊዜ በስም ፊደል ተራ ስለሚደለደል፣ የአንድ ሰው የሎጂክ መምህር ማን እንደሚሆን በመርህ ደረጃ የሚወሰነው ስም በወጣለት ዕለት ነው። ወላጆች ይህን አስበውበት አያውቁም። የጀሞው ወንበር መምህራንን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ እጁ የተፈታ፣ እጁ የታሰረ እና ገዳይ። አራተኛ ዓይነት፣ ማለትም ተማሪው የሠራውን ያህል የሚሰጥ መምህር፣ እስካሁን በመስኩ አልተመዘገበም። ለአንድ መምህር ስያሜ ለመስጠት የሚያስፈልገው ማስረጃ የአንድ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ውጤት ነው። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ለፒኤችዲ ውጭ አገር ቢሄድም ስያሜው አይሻርም፤ ሴክሽን ለመቀየር በዲን ቢሮ በር ላይ ተሰልፈው ከሚውሉት መካከል፣ ክፍል ሲገቡ ሌላ ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያገኙት ጥቂት አይደሉም።

ጂኦግራፊ ብቻውን ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። የቀላልነት ስሙ የመጣው ከይዘቱ ትውውቅ ነው። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን እንደምትገኝ፣ ጀሞ ራሱ 9ኛው ዲግሪ አጠገብ ላይ እንደተቀመጠ፣ ራስ ዳሸን ከፍታ ዳሎል ዝቅታ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። በዚህ ስንቅ የተማመነ ተማሪ ሞጁሉን የሚከፍተው ለሚድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ፈገግ እያለ ይገልጣል። ከዚያ የአገር ቅርጽ የሚባል ርዕስ ላይ ይደርስና፣ አንድ አገር ምን ያህል ድቡልቡል እንደሆነ ስፋቱን ከዙሪያው፣ ዙሪያውን ከክብ ጋር እያነጻጸሩ በቀመር ማስላት እንዳለ፣ ኢትዮጵያም በዚህ ከጎረቤቶቿ ጋር በሠንጠረዥ እንደተደረደረች ያያል። እዚህ ላይ ፈገግታው ይቆማል። ሒሳብን ሸሽቶ በካርታ በኩል ቢዞር፣ ሒሳብ ቀድሞት ደርሶ ጠበቀው።

ታሪክም ከቀላሎቹ ተራ ይመደባል፤ «የምናውቀው ነገር ነው» በሚል። የኮርሱ ሞጁል በ2012 ዓ.ም. ገና ረቂቅ ሳለ የአገሪቱን የታሪክ ሰዎች ማከራከሩ ይህን ምደባ አላናወጠውም። ፕሮፌሰሮች ያልተስማሙበትን ነገር ተማሪው በምርጫ ጥያቄ ይጨርሰዋል ተብሎ ይታመናል።

ሎጂክ ግን በዚህ መስክ ልዩ ክብር አለው፤ ስለ አጥኚዎቹ የሚናገር ብቸኛው ኮርስ ነውና። ሞጁሉ የተሳሳተ አመክንዮ ዓይነቶችን ሲዘረዝር፣ ብቃት የሌለውን ሰው እንደ ባለሙያ መጥቀስ፣ ብዙ ሰው ስላለው ብቻ እውነት ነው ማለት፣ ከጥቂት ማስረጃ ተነሥቶ ቸኩሎ መደምደም ይላል። ይህ ምዕራፍ የፕላስቲኩን ወንበር ሥርዓተ ትምህርት አንድም ሳያስቀር አጠቃሎታል። ተማሪዎች ምዕራፉን በቃላቸው ይይዙታል፤ ፈተናም ላይ በትክክል ይመልሱታል። በማግሥቱ ለሁለተኛው ሴሚስተር የትኛው መምህር እንደሚሻል ሊጠይቁ ይመለሳሉ።

ስለ ክሬዲት ነገር በአጭሩ። ሎጂክ 3 ክሬዲት፣ አንትሮፖሎጂ 2 ነው እንበል። ከኤ ወደ ቢ መውረድ በባለ 2ቱ ኮርስ 2 ነጥብ ያስከፍላል፣ በባለ 3ቱ 3። ስለዚህ ላቡን ማፍሰስ ያለበት የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ማባዛት ይበቃል። ማባዛቱን የሚሠራ አልተገኘም፤ ሒሳብ ከከባዶቹ ኮርሶች ተራ ነውና። ፊዚካል ፊትነስ ደግሞ ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ከሁሉም የቀለለ ኮርስ እሱ መሆን ነበረበት፤ በተግባር ግን ማልዶ ተነሥቶ ሜዳ መሮጥ ስላለበት ከገዳዮቹ ጎን ተመዝግቧል።

የዚህ ሁሉ ቁሳዊ መሠረት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነው። ቴሌግራም ሞጁሉን በነጻ ቢያድልም፣ የቆየ ፈተና ዛሬም በወረቀት ይሸጣል። በመስኩ በጣም የሚፈለገው ሰነድ የአንድ ሳይኮሎጂ ፋይናል ቅጂ ሲሆን፣ ቅጂው ከቅጂ እየተቀዳ ስለመጣ የግራው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል። 7ኛው ጥያቄ ምን እንደሚል ማንበብ የሚችል ሰው አልተገኘም። መልሱ ሲ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

አዛውንቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሻንጣቸውን ይዘው የሚሰናበቱ ፍሬሾች «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይባሉ ነበር፤ ገና በዓልን ቤታቸው አሳልፈው አለመመለሳቸው እንደ ምርቃት ተቆጥሮላቸው። አዛውንቶቹ ስቀው ሲያበቁ ግን፣ የዚያን ጊዜው እጁ የተፈታ መምህር የቱ ክፍል ያስተምር እንደነበር ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

እውነተኛው የምርጫ ኮርስ የሚመጣው ከፍ ባሉት ዓመታት ነው። ካሪኩለሙ ላይ ሦስት አራት ኮርሶች ይደረደራሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ግን መምህር የተገኘለት አንዱ ነው። ተማሪው በሙሉ ድምፅ ይመርጠዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መስኩ ሰፍቷል። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። ሴክሽን የለውም፣ ለጋስ መምህር የለውም፣ ዲን ቢሮ ተሰልፎ የሚቀየር ነገር የለውም። ነገር ግን በዓመት ከአንድ ዙር በላይ ይሰጣል፤ ስለዚህ ጀሞ ውስጥ «የጥሩ ዙር ይቀላል» የሚል ወገንና «የሰኔው ይቀላል» የሚል ወገን ወዲያው ተፈጠረ። ሁለቱም የሚጠቅሱት ማስረጃ አንድ ነው፤ ጥር ላይ በ48 ወድቆ ሰኔ ላይ በ51 ያለፈ የጀሞ ሦስት ልጅ። የሰኔው ወገን ማለፉን ይጠቅሳል። የጥሩ ወገን ደግሞ፣ ልጁ ለጥሩ ደብተር ሳይገልጥ 48 እንዳመጣና ለሰኔው ግን ሦስት ወር ሙሉ ቸክሎ የጨመረው ሦስት ነጥብ ብቻ እንደሆነ ያስታውሳል።