የለቅሶ ቤት ምሰሶ

ወንድ ልጅ ጡረታ ሲወጣ የሚያመው ጠዋት የሚፈልገው ሰው ማጣቱ ነው ባይ ነኝ። እኔ 60 ዓመት ሞልቶኝ ከመሥሪያ ቤት ስሰናበት ወዳጆቼ ሁሉ "እንግዲህ ለራስህ ኑር" አሉኝ። ደግነታቸው ገብቶኛል፤ ምክራቸው ግን አልረባኝም። ፀሐይ ስሞቅ እውላለሁ፤ ማታ ባለቤቴ "ምን ስትሠራ ዋልክ?" ስትለኝ መልስ የለኝም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጋቢዬን ደርቤ ብወጣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ "ጋሼ፣ ልጆቹ አልመጡልኝም፤ እባክዎ ምሰሶውን ይያዙልኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ድንኳኑን የጫነው አይሱዙ ጭቃ ይዞት ቀረ፤ ሸራውን በትከሻችን ዳገት አወጣነው። ካስማው የራሰውን መሬት አልይዝ እያለ ይነቀላል። ሊነጋ ሲል "እፎይ፣ ቆመልን" ስንል ሸራው ላይ ያቆረው ውሃ ገመዱን በጥሶ አግዳሚው ላይ በተቀመጡት አዛውንቶች ላይ ወረደ። አፈረስነው፤ ቦይ ቆፍረን እንደገና ተከልነው። ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እነሱንስ ማን ጡረታ አውጥቷቸው ያውቃል? ትከሻዬ ተልጧል፣ ልብሴ ጭቃ ነው፤ ልቤ ግን እንደዚያ ሌሊት ሞልቶ አያውቅም።

ቀብሩ ቅዱስ ዮሴፍ ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላ ያረፈው እዚያው ነው። ስሙ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ሮምን ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ያሸነፈውን ማራቶን። እኔን የሚደንቀኝ ግን የኋለኛው ዘመኑ ነው። በ1961 ዓ.ም. አንድ ሌሊት መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ፣ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ! ያረፈው በ41 ዓመቱ ነው። እግሩን ያጣ ሯጭ "በቃኝ" ቢል ማን ይፈርድበት ነበር?

አሁን እኔ የድንኳን ተካዮቹ ቡድን አባል ነኝ። ጥሩምባ ሲነፋ ስሜ ይጠራል፤ ብቀር እቀጣለሁ።

የእናንተም ጎረቤት ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ ሲተክዝ ካያችሁት፣ እባካችሁ "እረፍ" አትበሉት። ጥሩምባ ሲነፋ በሩን አንኳኩና አንድ ምሰሶ አስይዙት።