ለእኔ የነፈገችኝን ለቡቺ

በእኔ ዘመን ፎቶ ሲነሣ የማውቀው ውሻ የጃንሆይ ሉሉ ብቻ ነበር። ያውም ፎቶ አንሺው የሚመጣው ለጃንሆይ እንጂ ለሉሉ አይደለም። የቀረው የአገሩ ውሻ ስሙ ቡቺ ነው፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ የተረፈውን ይበላል፣ በቃ። ፎቶ የሰው ነበር። ሰውም ቢሆን እንዲሁ ዘው ብሎ አይነሣም። ኮት ይዋሳል፤ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ ያበጥራል፤ ፒያሳ ሄዶ ፎቶ ቤት ይገባል፤ ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ጥርሱን ካሳየ ብሩን ከሰረ፤ ቤተሰቡ “ምን ያስገለፍጥሃል?” ብሎ ፎቶውን አልበም አያስገባለትም።

ያ ሁሉ ወግ አሁን ለውሻ ተላልፏል። የሰፈራችን ውሾች በሻምፑ ይታጠባሉ፣ ይበጠራሉ፣ አንገታቸው ላይ ሪባን ይታሰርላቸዋል፣ “ቁጭ በል፣ ቀና በል” እየተባሉ ይነሣሉ። የውሻው ጌታ ደግሞ በፒጃማ ሆኖ ራሱን በስልክ ያነሣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ነገሩ ቁም ሣጥኔ ድረስ ሲመጣ ነው።

የልጄ ልጅ አንድ ቀን “አባባ፣ ያቺን የዜኒቷን ሌንስ ያውሱኝ” አለኝ። ልቤ ሞቀ። የዛሬ ልጅ የድሮ ዕቃ ሲጠይቅ ማን ደስ የማይለው አለ? “ማንን ልታነሣባት ነው?” አልኩት።

“ቡቺን።”

ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ሌንሷ ሄሊዮስ 44-2 ናት፤ 58 ሚሊሜትር፣ እስከ ኤፍ 2 የምትከፈት። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ኦዴሳ ተልኬ ሳለሁ፣ ከተማሪ አበሌ ቆጥቤ ከነዜኒት-ኢ ካሜራዋ የገዛኋት ናት። ግንባሯ ላይ የተጻፈው ቁጥር በ80 ይጀምራል፤ በብዙዎቹ የሶቪየት ሌንሶች ላይ የቁጥሩ መነሻ የተሠሩበት ዓመት ነውና በፈረንጆቹ የ1980 ልጅ ናት። እኩዮቼ ለጡረታ ብለው ዕድሜ ሲቀንሱ እሷ አንድ ቀን አልቀነሰችም። ዘሯን ከጠየቃችሁ ጀርመናዊት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የካርል ዛይስን የቢዮታር ንድፍ ወስደው ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ውስጥ ሠሯት፤ ኋላም የሚንስክና የቫልዳይ ፋብሪካዎች ተጨመሩበት። በሚሊዮን ስለተመረተች ዛሬም ርካሽ ናት። ለአዲስ የፖርትሬት ሌንስ የሚጠየቀው ገንዘብ የእኔን የዓመት ጡረታ ያስንቃል። ልጁም ይህን አስልቶ ነው “አባባ” እያለ የተለማመጠኝ።

መጀመሪያ አዳፕተር ገዝቶ መጣ። በእጄ ይዤ አገላበጥኩት፤ ውስጡ መስታወት የለም፣ ሽቦ የለም፣ ባትሪ የለም። ባዶ የብረት ቀለበት ነው። የእኛ ሌንስ ኤም 42 በሚባለው ጥርስ ካሜራ ላይ ተጠምዛ የምትገባ ስለሆነች ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቃ እንድትቆም ተደርጋ ነው የተሠራችው። የእሱ ሶኒ ካሜራ ግን በውስጡ የሚገለበጥ መስታወት ስለሌለው ርቀቱ 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የጎደለውን ርቀት የሚሞላው ይህ ቀለበት ነው። ገባኝ። ቢሆንም ቀዳዳ በገንዘብ ሲሸጥ ያየሁት በዚህ ዘመን ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሌንሷን ካሜራው ላይ ቢገጥማት ካሜራው “ሌንስ የለኝም” ብሎ አላነሣም አለ! የዛሬ ካሜራና ሌንስ በኤሌክትሪክ ነው የሚነጋገሩት፤ ሄሊዮስ ደግሞ ከብረትና ከመስታወት በቀር ምንም የላትም። ልጁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ “ያለ ሌንስም አንሣ” የሚል ፈቃድ መስጠት ነበረበት። የስንቱን ሠርግ፣ የስንቱን ክርስትና ያነሣች ሌንሴ በገዛ ቤቴ የለችም ተብላ ተመዘገበች።

ቀጥሎ ቡቺን ማስቀመጥ ነው። አውቶፎከስ የሚባል ነገር ስለሌላት ቀለበቷን በጣት ማዞር ግድ ነው። ካሜራው የጠራውን ጠርዝ በቀይ ቀለም እያሳየ ያግዛል፤ ፎከስ ፒኪንግ ይሉታል። እኛ የሚያግዘን ዓይናችን ብቻ ነበር፣ ይሁን። ችግሩ ሂሳቡ ነው። የ35 ሚሊሜትር ፊልምን በሚያህል ሴንሰር፣ በኤፍ 2፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ስታነሡ ጠርቶ የሚወጣው ውፍረት ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። የቡቺ አፍንጫ ከዓይኑ ከዚያ በላይ ይርቃል። ዓይኑ ሲጠራ አፍንጫው ይደበዝዛል፤ አፍንጫው ሲጠራ ውሻው ያለ ዓይን ይቀራል። ሌንሷ ወደምትችለው የመጨረሻ ቅርበት፣ ወደ ግማሽ ሜትር፣ ከተጠጋችሁ ደግሞ አንድ ሳንቲሜትርም አይሞላም። ቡቺ ቢተነፍስ ተበላሸ።

እኔ አንድ ኮስታራ አጎት ሳነሣ “እንዳይንቀሳቀሱ” እላለሁ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን እንኳ አያርገበግቡም። ቡቺን ማን ይንገረው? በመጨረሻ ልጁ ዘዴ አገኘ። ቀለበቷን አንድ ቦታ አቁሞ፣ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ፣ የቡቺ ቅርብ ዓይን ቀይ በቀይ ሲሆን ደጋግሞ መተኮስ ጀመረ። ከሌንሷ በላይ ቁራሽ ዳቦ ይዞ የሚቆምም ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። በዚህ ዕድሜዬ የውሻ ፎቶ ረዳት!

የጎረቤት ድመትም አልቀረችም። አጥር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ጸጥ ብላ ተቀመጠች፤ ልጁም “ይቺ ትሻላለች” አለ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም። ፎከስ ሲያደርግባት ጠብቃ ጠብቃ መጣችና ፊቷን ሌንሴ ላይ አሻሸች። የአፍንጫዋን ማኅተም ከመስታወቱ ላይ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ልጁ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ጠራኝ። ቡቺ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ የዓይኑ ሽፋሽፍት ይቆጠራል፤ ከኋላው ያለው የጽድ አጥር ግን በዙሪያው ይዞራል። ቅጠሉና በቅጠሉ መሀል የሚሾልከው ብርሃን ቡቺን ከበው ይሽከረከራሉ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በሰያፍ የሚገባውን ብርሃን የሌንሷ አካል ከጫፉ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ መሀል ላይ ክብ የሆነው የብርሃን ነጥብ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ሎሚ መስሎ ይሞልላል፤ ሞላላዎቹም መሀሉን ከበው ይሰለፋሉ። ለዚህ ብለው ነው የዓለም ወጣቶች ሄሊዮስን የሚፈልጓት።

ይህን ነገር እኔ በአንድም ፎቶዬ ላይ አላየሁትም። ለምን? ዜኒት-ኢ ከሴኮንድ 500ኛ በላይ አይፈጥንም። ባለ 100 ፊልም ጎርሶ፣ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ፣ በኤፍ 2 ማንሣት ከሴኮንድ 6,400ኛ ያህል ፍጥነት ይጠይቃል። ስለዚህ ሌንሷን እስከ ኤፍ 8 እንዘጋታለን፤ ስትዘጋም ሽክርክሪቱ ይጠፋል። የምትከፈተው ቤት ውስጥ፣ ጨለማ ሲሆን ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሙሽራዋ ኋላ ያለው መጋረጃ እንጂ ቅጠል አይደለም። ሄሊዮስ 44-2 ከፎከሱ ሌላ ለመክፈቻና ለመዝጊያ ሁለት ቀለበት አላት፤ አንዱን ከፍታችሁ ፎከስ ታደርጋላችሁ፣ ከማንሣታችሁ በፊት ትዘጋላችሁ። በዚያች በከፈትኳት ቅጽበት ዛፉ ሲዞር ትዝ ይለኛል። እኔ ግን የማየው የሰውየውን ዓይን ነበር። የልጁ ካሜራ ግን ያለ ድምፅ እስከ ሴኮንድ 8,000ኛ ድረስ ይፈጥናል። ከኦዴሳ በጉያዬ አምጥቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ያኖርኳት ሌንስ ጌጧን ሁሉ ለእኔ ነፍጋ ለቡቺ አሳየችው!

ሌላም አለ። ፀሐይ ከፊት ስትመታት ምስሉ ይነጣል፤ የመስታወቷ ቅብ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም። እኛ በመዳፋችን ጋርደንላት ነው የኖርነው፤ ነጣ ያለ ፎቶ ስንሰጥ ባለ ጉዳዩ አልከፍልም ይል ነበር። የልጅ ልጄ ሆን ብሎ ወደ ፀሐይ ያዞራታል፤ “ካራክተር ነው አባባ” ይለኛል። ጓደኛው ደግሞ የጃፓን ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 አለው። መስታወቷ ውስጥ ቶሪየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ስለገባ በዕድሜ ብዛት የሻይ ቀለም ይዛለች። መድኃኒቷ የፀሐይ ብርሃን ነው አሉና መስኮት ላይ አስቀመጧት፤ እውነትም ቀስ በቀስ ጠራች። እኔ ጉልበቴን ያመኛል ስል ፀሐይ የሚያወጣኝ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ብሶቴን ሰምተሃልና አንድ ነገር ልምከርህ። ቆራሌው በደጅህ ሲያልፍ የአባትህን ካሜራ ከመስጠትህ በፊት ሌንሱን ጠምዝዘህ አውጣው። ወደ መስኮት አዙረህ ውስጡን ተመልከት። ነጭ ክር ከተዘረጋበት ሻጋታ ነው፤ ከሌሎች ሌንሶች ለይተህ አስቀምጠው። ከጠራ፣ ቀለበቱ ከዞረ፣ የውስጥ ቅጠሎቹ ላይ ዘይት ከሌለ፣ ከእርጥበት አርቀህ አኑረው፤ አዳፕተር ግዛለት። ውሻህንም አንሣ፣ አልከለክልም። ውሻውን ከጨረስክ በኋላ ግን አንድ ሁለት ለአያትህ አስቀርለት። አያት ወንበር ላይ ከተቀመጠ አይነሣም፣ ዳቦ አይጠይቅም፣ ሌንስ አይልስም፤ ለፎከስም ይመቻል።