የፍሬን መብራት በብስክሌት ላይ፦ ማብሪያው የት ይተከል?

ብስክሌት ላይ የፍሬን መብራት መግጠም ቀላል የሚመስለው፣ ፍሬኑ የት እንዳለ አስቀድሞ ላላጣራ ሰው ነው። ይህ ጥናት ብስክሌት በማይጠፋበት በባሕር ዳር አስፋልት ላይ ያተኩራል።

የሙያው ክፍል አጭር ነው። አንዲት ትንሽ ማብሪያ፣ ቀይ አምፖል፣ ባለ 1.5 ቮልት ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ሜትር ያህል ሽቦና ፕላስተር ይበቃል። ማብሪያዋ ከፍሬን እጀታው ሥር ትታሰራለች። እጀታው ካልተነካ ምላሷን ተጭኖ ይይዛታል፤ ሲሳብ ይለቃታል፤ ያኔ መስመሩ ይገናኝና መብራቱ ይበራል። ሽቦው በተቃራኒው እግሯ ላይ ከታሰረ መብራቱ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውልና ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ይህም መልእክት ነው፤ አንባቢው ይልመደው እንጂ።

ባትሪ ለምን ይገዛል፣ ከዲናሞ እንውሰድ የሚል የቆጣቢዎች ወገን አለ። ዲናሞ ኃይል የሚሰጠው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው። ብስክሌቱ በቀዘቀዘ መጠን መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሲቆም ይጠፋል። መቆምን ሊያበስር ተተክሎ በመቆም የሚሞት መብራት ለፈላስፋ እንጂ ከኋላ ለሚመጣ ባጃጅ አይረባም።

ጉዳዩ ዓለም አቀፍ መሠረትም አለው። ጆን ቮየቮድስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ተጨማሪ የፍሬን መብራት የተገጠመላቸው የሳን ፍራንሲስኮ ታክሲዎች ከኋላ የሚገጩበት አደጋ በ60 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። አሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ መብራቱን በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ አስገደደች። ሰው ሁሉ ከለመደው በኋላ ሲለካ ግን ጥቅሙ ወደ 4 በመቶ ወርዶ ተገኘ። መብራት የሚሠራው እንግዳ ሳለ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በሰፈሩ ቀድሞ የገጠመ ሰው ለጎረቤቱ ባያሳይ ይመረጣል።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። የገጣጣሚዎች ሁሉ መነሻ፣ ብስክሌት በእጀታ ይቆማል የሚል ያልተፈተነ ግምት ነው። የፍሬን ጎማው ባለቀበት፣ ካቦው በላላበት ብስክሌት ላይ የሚቆመው በጫማ ሶል ነው፤ ወይ መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣ ወይ የፊት ጎማው ላይ ተጭኖ። በዚህ ረገድ በረባሶ አቻ የለውም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ስለሚሠራ፣ ብስክሌቱን የሚያቆመው የመኪና ጎማ ነው፤ ከዚህ በላይ ዋስትና አይጠየቅም። እጀታው ግን አልተነካም። ማብሪያዋ የምትመሰክረው ለጣት እንጂ ለጎማ አይደለም። ስለዚህ ብስክሌቱ በእውነት ሲቆም መብራቱ አይበራም፤ ደምቆ የሚበራው ባለቤቱ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ለጓደኞቹ ሲያሳይ ነው።

«ፍሬን የለውም! ዞር በሉ!» የሚለው የቃል መሣሪያም ሊዘለል አይገባም። ባትሪ አይፈልግም፣ ዝናብ አያበላሸውም፣ ማታም ይሠራል። ጉድለቱ ፊት ያለውን እንጂ ኋላ ያለውን አለማስጠንቀቁ ነው።

እንግዲህ የቀረው መንገድ ማብሪያዋን ወደ ጫማው ማውረድ ነው። ጭቃና ውኃ የሚችል፣ በረባሶ ሥር የሚገባ ማብሪያ ምናለሽ ተራ ያየ አንባቢ ካለ ይጠቁመን። የግራ እግር ይበቃል፤ ቀኙ ፔዳል ላይ ነው።