የሟች ፎርሙላ ሬኖ ዩሮካፕ አጭር የሕይወት ታሪክ

መርዶ በማለዳ፣ ያውም ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ቢነገር ነው ወጉ። ለዛሬው ሟች ግን መቀሌ ላይ ድንኳን የምንጥለው ዓመታት ዘግይተን ነውና ቤተ ዘመድ ይቅር ይበለን። ፎርሙላ ሬኖ ዩሮካፕ፣ ማለትም ፎርሙላ አንድን የሚያልሙ ልጆች በባለ አንድ መቀመጫ መኪና ይሽቀዳደሙበት የነበረው የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ የመጨረሻ ውድድሩን ያካሄደው በኅዳር 2020 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በዚያው ኅዳር መቀሌ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ስልኩ ተቆርጧል፣ ኢንተርኔት የለም። ሰው አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ባልቻለበት ወቅት፣ ስለ ፈረንጅ ልጆች የመኪና ውድድር የሚያረዳን ቢጠፋ አይፈረድም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በ2022 መገባደጃ ተፈርሞ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲከፈት ደግሞ ቀድሞ የሚለቀስለት ብዙ ነበር። ስለዚህ የሟቹ ተራ ዛሬ ደረሰ።

ሟች ከአባቱ ከሬኖ ኩባንያ በ1991 ተወለደ። በ1993 ዩሮካፕ የሚለውን መጠሪያ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህም አንዴ ፎርሙላ ሬኖ 2000፣ አንዴ ማስተርስ፣ አንዴ ፎርሙላ ሬኖ 2.0 እየተባለ፣ አበዳሪ እንደሚሸሽ ሰው ስሙን ሲለዋውጥ ኖረ። ልጆቹን ግን ማንም አይክደውም። ስፔናዊው ፔድሮ ዴ ላ ሮሳ በ1992፣ ብራዚላዊው ፌሊፔ ማሳ በ2000፣ ፊንላንዳዊው ቫልተሪ ቦታስ በ2008፣ ፈረንሳዊው ፒየር ጋስሊ በ2013፣ እንግሊዛዊው ላንዶ ኖሪስ በ2016፣ አውስትራሊያዊው ኦስካር ፒያስትሪ በ2019 ዋንጫውን አንስተዋል፤ ሁሉም በኋላ ፎርሙላ አንድ ደርሰዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በ2024 ማክላረንን ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቡድኖች ሻምፒዮን አድርገውታል። ለቅሶ አልደረሱም፤ ሥራ ይዟቸው ይሆናል። ሟች በመጨረሻ ዘመኑ ይነዳት የነበረችው መኪና የጣሊያኑ ታቱስ ፋብሪካ የሠራት ነበረች፤ ከሾፌሩ ራስ በላይ ሃሎ የሚባለው መከላከያ ቅስት አላት፣ ከኋላዋ 1.8 ሊትር ባለ ቱርቦ የሬኖ ሞተር፣ ጉልበቷም 270 ፈረስ። ሁሉም ተወዳዳሪ ይህችኑ መኪና ስለሚነዳ፣ ማን እንደሚበልጥ በኩባንያዎች የሞተር ፉክክር ሳይሳበብ ይታይ ነበር። መቀሌ መጥታ ብትሆን እንኳ ስስ አየራችን ብዙም አይበግራትም፤ ከተማችን ያለችበት ከፍታ የሜክሲኮ ሲቲውን የፎርሙላ አንድ ሜዳ ያህል ነው፣ ቱርቦ ደግሞ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ እንደ ተራ ሞተር አያለከልክም። የሚያስቸግራት መሮጫ ሜዳ አለመኖሩ ነበር።

የሞት ምክንያት ተብሎ የተጻፈው «ውህደት» ነው። እኔ ግን ሟቹን የበሉት ማኅተም የያዘውና ገንዘብ የከፈለው ናቸው እላለሁ፤ ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ማለትም ኤፍ አይ ኤ፣ ከፎርሙላ አራት ወደ ፎርሙላ ሦስት በሚወስደው መንገድ መካከል በየክፍለ ዓለሙ አንድ ደረጃ ሊያቆም ተነሣ። ሬኖም የአውሮፓውን ፈቃድ ለማግኘት ተወዳድሮ ነበር፤ የቀናው ግን የጣሊያኑ አዘጋጅ ኤ ሲ አይ ሆነ። በ2019 እንግዲህ በአንድ አህጉር ሁለት ሻምፒዮና ቆመ፤ የታቱስ መኪና እዚህም እዚያም ነው፣ የተወዳዳሪዎቹ ዕድሜም ያው። የለያቸው ነጥብ ነው። ፎርሙላ አንድ ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለእሱም በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ ማከማቸት ግድ ነው። ኤፍ አይ ኤ ለራሱ ስም ለያዘው ለጣሊያኖቹ ሻምፒዮን 25 ነጥብ ሲሰጥ ለሟቹ ሻምፒዮን ከዚያ ያነሰ መደበለት። በዚያ ዓመት ብዙ መኪና የተሰለፈው ሟቹ ጋ ነበር፤ ፒያስትሪ በብዛትም በጥራትም የበለጠ ተፎካካሪ ረትቶ ያነሰ ነጥብ ይዞ ሄደ። የልጁን ወጪ የሚከፍል አባት ደግሞ የውድድሩን ጣዕም አይደለም የሚቆጥረው፤ ቀሪውን ነጥብ ነው። ሬኖ ሁለት ዓመት ታገለና እጁን ሰጠ፤ በ2021 ሟቹ ከተቀናቃኙ ጋር ተቀላቅሎ በተቀናቃኙ ስም ቀጠለ። ለአባትዬው ክብር ሲባል የሬኖ እህት ስም የሆነው አልፒን ከጎኑ ተለጠፈለት።

«ታዲያ መቼ ሞተ? ስም ነው የቀየረው» የሚል ለቀስተኛ አይጠፋም። ሟች ስም መቀየር ልማዱ እንደነበር አምኛለሁ፤ በቀድሞዎቹ ለውጦች ሁሉ ግን ባለቤቱ ያው ሬኖ ነበር። አሁን ግን ማኅተሙም፣ ውሳኔው የሚወሰንበት ጠረጴዛም ተለወጠ። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ሁለት ተመሳሳይ ሻምፒዮና ጎን ለጎን መኖሩ ብክነት ነው፣ ተወዳዳሪውን ይከፋፍላል፣ መሰላሉ አንድ ሲሆን ልጁ የቱን ልርገጥ ብሎ አይደናገርም። እውነት አለበት፤ ከውህደቱ በኋላ የተሰለፈው መኪና ብዛት ለዚህ ይመሰክራል። ነገር ግን ሁለቱ ደረጃዎች ቢያንስ እርስ በርስ ይፈራሩ ነበር። አንዱ ዋጋ ቢያስወድድ ሌላው ይጠራል፣ አንዱ ቢያዳላ ሌላው ይቀበላል። ደረጃው አንድ ሲቀር ግን የልጁ ቤተሰብ የተጠየቀውን ከመክፈል በቀር ምን ምርጫ አለው?

ሦስተኛውን ተቃውሞ የምሰማው ከዚሁ ከድንኳኑ ውስጥ ነው፦ «የሀብታም ልጆች መጫወቻ ቢሞት እኛ ምን አስለቀሰን?» ብዙዎቹ የባለጠጋ ልጆች መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም በ2013 ሟቹ ጋ ሦስተኛ የወጣው ኢስቴባን ኦኮን ወላጆቹ እሱን ለማሽቀዳደም ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች ቤት የኖሩ ናቸው፤ በኋላ ፎርሙላ አንድ ገብቶ በ2021 የሃንጋሪን ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። መካከለኛው ደረጃ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው። ባለጠጋው ሌላ አገር ሄዶ ሌላ መሰላል ይገዛል።

ደግሞስ መቀሌ የባለ አንድ መቀመጫ ውድድርን የማታውቅ መች ሆነችና? የእኛዋ ሞተር የላትም እንጂ መቀመጫዋ አንድ ነው፤ ኮርስ ብስክሌት ማለቴ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እዚሁ መቀሌ ተወልዶ፣ ከ2012 እስከ 2014 ኤም ቲ ኤን ኩቤካ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጋልቦ፣ ከዚያ ወደ ጣሊያኑ ላምፕሬ ተሻግሮ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኩቤካ ለአፍሪካ ብስክሌተኛ መካከለኛው ደረጃ ነበር። በ2015 ከአፍሪካ ተመዝግቦ ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ቡድን ሆኖ ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ነጠብጣቡን የተራራ ንጉሥ ማልያ ሲለብስ፣ ከአስመራ እስከ መቀሌ እልል ያላለ ብስክሌተኛ አልነበረም። ፍሬ ካልጠፋ ደረጃ አይፈርስም የሚል ሰው ካለ የኩቤካን መጨረሻ ይመልከት፤ በ2021 ማብቂያ ስፖንሰር አጥቶ ተዘጋ። ዩሮካፕ በነጥብ ተገፋ፣ ኩቤካ በገንዘብ፤ ሁለቱንም ስለ ምርታቸው የጠየቃቸው የለም።

መኪናና ብስክሌት አይነጻጸሩም ለሚለኝ፣ በወጪ አዎ፣ አይነጻጸሩም። በአወጣጣቸው ግን አንድ ናቸው፤ ልጁ ከታች ይጀምራል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ይጠብቁታል፣ መካከሉን የሚያቆመው ሌላ ሰው ነው። የእኛ ደግሞ የባሰበት ምክንያት አለው። ከመቀሌ ወደ ኲሓና ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ይለማመዱ የነበሩ ታዳጊዎች በብስክሌት ስሌት ጁኒየር የሚባሉት 17 እና 18 ዓመታቸው ላይ ብቻ ነው፤ ጦርነቱ የፈጀውም እነዚሁኑ ሁለት ዓመታት ያህል ነው። በ2020 የ17 ዓመት ልጅ የነበረ፣ መንገዱ ሲከፈት ጁኒየርነቱ አልፎበት አገኘ። ዩሮካፕን ያጣ ልጅ በማግስቱ ጣሊያን ሄዶ ይመዘገባል፤ ለመቀሌው ልጅ ማግስት የሚሆን ደረጃ ከተማው ውስጥ አልነበረም። በትግራይ መንገዶች ያደገችው እየሩ ገብሩ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የጋለበችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው።

ስለዚህ ሟቹን በክብር እንሸኘው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ነፍስ ይማር። ከፈረንሳይ የአበባ ጉንጉን አልመጣም፤ ይሁን። ለቀስተኞችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የከተማው ነጋዴዎች፣ በውጭ ያላችሁ የመቀሌ ልጆች፣ እድርተኞችም ጭምር፦ ለንፍሮ ያሰባችሁትን ለጎማና ለካላማዳሪ አድርጉት። የጁኒየር ውድድር ስታዘጋጁም ወጪውን አንድ ድርጅት ብቻውን አይሸከመው፤ ብዙ ትንንሽ ከፋዮች ይኑሩት፣ መዝገቡም በአሠልጣኞቹና በወላጆች እጅ ይቀመጥ። አንዱ ሲደክመው ወይም ሐሳቡን ሲቀይር ውድድሩ በሚቀጥለው እሑድ እንዲኖር ነው። መዋጮ ለመስጠት የምትሹ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ያለውን መዝገብ ፈርሙ፤ ቼክም እንቀበላለን።