የደመወዝ ጥያቄን በፍቅር ለማዘግየት የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ስማ! የበጀታችንን ጠላት፣ የለጋሾቻችንን ጠላት መስሚያ ይንሳው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ኢሜይል የሚከፍትም ለማይከፍት ያስተላልፍ።

እኛ፣ ስማችን በላንድክሩዘር በር ላይ የተጻፈው ግብረ ሠናይ ድርጅት፣ ሠራተኞቻችን ማኅበር አቋቁመው «የኅብረት ስምምነት እንደራደር» ብለው በጽሑፍ ስለጠየቁን፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ስለሚፈቅድ፤ ይህንኑ አንቀጽ ለአበባ እርሻ ሠራተኞች በአቅም ግንባታ ሥልጠና ያስተማርነው እኛው ብንሆንም፣ ያስተማርነው ለሌላ ሰው ስለነበረ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ደመወዝ ማለት ለዓላማው ያለ ፍቅር ነው። በየወሩ ባንክ የሚገባው ገንዘብ የትራንስፖርት ነው።

አንቀጽ 2። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ እንመነዝረው የነበረው የለጋሽ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህን ማስላት የሂሳብ ክፍል ሥራ ሆኖ ሳለ ሹፌሩም፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም አስልተው ደርሰውበታል። «ልዩነቱ የት ገባ?» ብሎ በድርድር ጠረጴዛ ላይ መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ ነውር ነው። ጤፍ መወደዱን ድርጅቱ ያውቃል፤ ስለ ጤፍ መወደድ ያስጠናነው ጥናት በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ተመርቋል።

አንቀጽ 3። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ ስለማይችል ጭማሪ አይታሰብም። የፕሮጀክት ሠራተኛ ደመወዝ ከአስተዳደር ወጪ እንደማይቆጠር የማኅበሩ ሊቀመንበር አንብባ መጥታለች። ሕግ ማንበብ በሥራ ዝርዝሯ ውስጥ ስለሌለ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት። የሥራ ውሏ በድርድሩ ዋዜማ ማለቁ አጋጣሚ ነው፤ የምክትሏም፣ የጸሐፊውም እንዲሁ።

አንቀጽ 4። የመስክ ሠራተኛ የተረጂዎችን ቅጽ ስትሞላ ራሷ መስፈርቱን እንደምታሟላ ብትደርስበት ዝም ትበል። ራስን መመዝገብ የጥቅም ግጭት ነው። ጎረቤቷ ሊመዘግባት ይችላል።

አንቀጽ 5። ድርድሩ ለመጪው የበጀት ዓመት ተላልፏል። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው ስለ ትዕግሥት የግማሽ ቀን ወርክሾፕ ይሰጠዋል፤ አበል የለውም።

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። በዶላር የሚከፈላቸውን የውጭ አማካሪዎች ግን አይመለከትም።