እሱ ይተፋል፣ እኔ እለቅማለሁ

እሑድ ጧት ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃያ ኪሎ የሚሆን ሳጥን በጎማው እየጎተተ ወደ ቴኒስ ሜዳ የሚወርድ ሐበሻ ካያችሁ እኔ ነኝ። ባለፈው አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ጄኔሬተር ነው?»

«አይ እማማ፣ ኳስ የሚወረውርልኝ ማሽን ነው።»

ሳጥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውይ! ሰው አጥተህ ነው?»

አዎ፣ ሰው አጥቼ ነው። በዚህ ከተማ ሐበሻ እንደ አሸዋ ነው፤ ቴኒስ የሚጫወትም አይጠፋም፤ እረፍቱ ከኔ እረፍት ጋር የሚገጥም ሰው ነው የሌለው። አንዱ ወዳጄ ሌሊቱን ኤርፖርት ታክሲ ላይ አድሮ ጧት ይተኛል። ሌላው ሆስፒታል ደብል ይሠራል። ሦስተኛው ከ2 ዓመት በፊት «እደውልልሃለሁ» እንዳለኝ ነው። እኔም ተስፋ ቆርጬ ከአንድ አሜሪካዊ ጡረተኛ ያገለገለ ማሽን ገዛሁ። ሰውዬው ሲሸጥልኝ ፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን ወደ ኪሴ እመልስ ነበር። «ይሄ አይቀርብህም፣ አይደክምም፣ ኳሱ ወጥቷል ገብቷል ብሎ አይከራከርህም» አለኝ። አልዋሸም። ስለ መልቀሙ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የማሽኑ ማጠራቀሚያ 150 ኳስ ይይዛል። በየ4 ሰከንዱ አንድ ቢተፋ 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ። በቃ፣ ያ ነው። 10 ደቂቃ እንደ ሻምፒዮን ትመታላችሁ፤ ከዚያ ሜዳው ሽምብራ የተሰጣበት አውድማ ይመስላል። የቴኒስ ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር ነው ይላሉ። ይህ መስመሩ ነው፤ ኳስ መስመር አያውቅም። መረቡ ሥር አለ፣ አጥሩ ጥግ አለ፣ የደረቀ ቅጠል ክምር ውስጥ አለ፣ የጎረቤት ሜዳ ላይም ሰርቭ ሊመታ እጁን ያነሳ ሰውዬ እግር ሥር አለ። አንዱ ኳስ 58 ግራም ገደማ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። 150ው ሲሰበሰብ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል፤ ያንን ተሸክሜ ሜዳውን አቋርጬ እሱ አፍ ውስጥ እጨምራለሁ። ጎንበስ ማለት እንዲቀር ተብሎ የተሠራ የሽቦ ቅርጫት አለ፤ ከላይ ስትጫኑት ኳሱ በሽቦዎቹ መሃል ሾልኮ ይገባል። ገዛሁት። አጥር ጥግ የተወሸቀ ኳስ ግን ለቅርጫት አይመችም፤ ለሱ ያው ጎንበስ ነው። ሲሦው ደግሞ ሁልጊዜ አጥር ጥግ ነው።

ሪሞት የረሳ ሰው መከራስ? ማሽኑ ከመረቡ ማዶ ነው፣ እኔ ወዲህ ነኝ። ስልኬ ጮኸ እንበል፣ ወይ ጅማቴ ተሸማቀቀ። ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ካለ እሰየው። ማሽኑ አጠገብ ትቼው ከመጣሁ ግን ለማጥፋት የምሄደው እየተተኮሰብኝ ነው። ግራ ቀኝ እንዲወረውር ካስተካከልኩት ደግሞ የሚቀጥለው በየት በኩል እንደሚመጣ ስለማላውቅ፣ ራኬቴን ፊቴ ላይ ጋርጄ ጎብጬ እጠጋዋለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን አይታኝ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከሳቋ ብዛት መቆም አቅቷት።

ለነገሩ መልቀም ለኔ አዲስ አይደለም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ ለቃሚ ነበርኩ። የሚጫወቱት ጋሼዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ እኛ በባዶ እግራችን መረቡ ጫፍ ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ኳሷ መረብ ስትነካ ሮጦ ማንሳት፣ በእጅ ሳይሆን በአንድ ንጥረት ማቀበል፣ ጋሼ ከተናደዱ ደግሞ ዓይናቸውን አለማየት። ሜዳው ባዶ ሲሆን ክሩ በተበጠሰ ራኬት እርስ በርሳችን እንማማር ነበር። የአዲስ አበባ ሜዳዎች ኳስ ለቃሚ ሆኖ ጀምሮ አሰልጣኝ የሆነ ሰው ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ባሕር ተሻገርኩ፣ ዜግነት ቀየርኩ፣ በገዛ ገንዘቤ ማሽን ገዛሁና እዚያው መልቀሙ ላይ ተመለስኩ። ያኔ እንኳ ይከፈለኝ ነበር።

አዞ ያለበትን ሸሚዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሸሚዙን ያወጣው ፈረንሳዊው ረኔ ላኮስት ነው፤ ዊምብልደንን በ1925 እና በ1928 ያሸነፈ ሰው። ብቻውን ሊለማመድ ፈልጎ በ1920ዎቹ ኳስ የሚወረውር ማሽን ሠራ ሲባል ሰምቼ ይሄስ የችግሬ ወንድም ነው ብዬ ነበር። ነገሩን ስመረምረው ማሽኑ የሚሠራው መዘውሩ በእጅ ሲዞር ነው። ያ ማለት ሌላ ሰው ቆሞ ያዞርለታል ማለት ነው። ቆይ፣ ሰው ከተገኘማ ራኬት አይሰጡትም ነበር? መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መዘውር የሚያዞረው ሰው በባትሪ ተተካ፣ የሚለቅመው ሰው ግን ያው እኔ ነኝ።

ከሱም በፊት በ1897 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ሂንተን ለቤዝቦል ተጫዋቾቹ በባሩድ የሚተኩስ ኳስ ወርዋሪ ሠርቶላቸዋል። በባሩድ! ልምምድ ነው ወይስ አድዋ? ተጎዳንበት ያሉ ነበሩ ይባላል፤ አይገርመኝም። የሪሞቱን ነገር ሳስብ ግን የኔውም ዘሩ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ውስጡ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ሁለት ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፣ ኳሱን ጨብጠው ያስወነጭፉታል። የላይኛው ከፈጠነ ኳሱ ወደ ፊት እየተንከባለለ ይወርዳል፣ የታችኛው ከፈጠነ ወደ ኋላ እየዞረ ይንሳፈፋል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ጎማው ኳሱን በመጨበጡ ላይ ነው። ጧት ጤዛ አለ፤ የረጠበ ኳስ ይንሸራተታል፤ አንዱ አጥር ዘልሎ ሲሄድ ቀጣዩ ማሽኑ እግር ሥር እንደ ሕፃን ትውከት ጠብ ይላል። የኳሱ ጸጉር እየተላጨ ጎማው ላይ ይጋገራል፤ እሱን መፋቅ አለ። አዲስና አሮጌ ኳስ ከተቀላቀለ ደግሞ አንዱ ደረት፣ ሌላው ቁርጭምጭሚት ላይ ይመጣል። ቆርቆሮው ሲከፈት የሚነጥረው ኳስ በሳምንታት ውስጥ ይሞታልና፣ ብልሆች ውስጡ የታመቀ አየር የሌለውን ግዙ ይላሉ፤ አይሞትም። አዎ አይሞትም፤ የሚሞተው ክርኔ ነው፤ ድንጋይ የመምታት ያህል ነው። ክረምት ሲገባ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ማቃሰት ይጀምራል። እሱስ ያቃስት፣ ቢያንስ አልጎነበሰም።

ሐበሻ ወላጅ ደግሞ ይህን ማሽን ሲያይ የሚታየው ስኮላርሺፕ ነው። አንዱ ዘመዴ ለልጁ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው፤ ልጁ ሁለት ጊዜ መትቶ «አባዬ፣ ይሄ ነገር አያወራም» ብሎ ገባ። አንድሬ አጋሲ በ2009 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አባቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ ቀጣጥለው አሻሽለው ስላቆሙለት ማሽን ይናገራል፤ ዘንዶው ይለዋል። አባትየው ከኢራን የመጡ ስደተኛ ናቸው፤ በ1948 እና በ1952 ኦሎምፒክ ለኢራን በቦክስ ተሰልፈዋል። ማሽኑ በሰዓት 110 ማይል ይወረውራል፣ ልጁም በቀን 2,500 ኳስ ይመታል። ይህን ያነበበ ሁሉ ለልጁ ያዝናል። እኔ 2,500ውን ለኔ ማሽን አካፈልኩት፤ ወደ 17 ጊዜ መሙላት፣ ወደ 17 ጊዜ መልቀም። ሕፃኑ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ መጀመሪያ የታየኝ ለቃሚው ነው።

የሚያናድደው ኳስ መመለስ የማይቻል ነገር አለመሆኑ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ የሚያለማምድ ማሽን አላቸው፤ መረቡ ዙሪያውን ይከብበዋል፣ የገባውም የሳተውም ኳስ ተንሸራቶ ሆዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ማሽኑ ዞር ብሎ ለሚጠብቀው ልጅ ያቀብለዋል። ልጁ አይንቀሳቀስም። ቦውሊንግ ቤት በድሮ ጊዜ የወደቀውን እያቆሙ ኳሱን የሚመልሱ ልጆች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ ማሽን ተካቸው። ያም ቢሆን አንዳንዴ ኳሱን ውጦ ዝም ይላል፤ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ከኋላ እጁ ዘይት የነካ ሰው ብቅ ይላል። የጠረጴዛ ቴኒሱ ሮቦትም ከኋላው መረብ አለው፤ ኳሷ 2.7 ግራም ናት፣ ተንከባላ ትመለሳለች። ከመረቡ ያመለጠችው ሶፋ ሥር ገብታ ማታ በጫማ ትፈነዳለች እንጂ። የሰፈራችን ጆተኒ ሳይቀር ጎል የገባበትን ኳስ በሆዱ አንከባልሎ ያወጣ ነበር፤ ቢጣበቅበት ሁለት ሆነን ጠረጴዛውን አንዴ ነቅነቅ ነው። ቴኒስ ብቻ የሀብታም ጨዋታ ሆኖ ሲፈጠር ለቃሚ አብሮት የተወለደ ይመስል፣ የመልቀሙን ነገር ለሰው ወገብ ትቶታል።

ይህን ሁሉ ችዬ ደግሞ ሜዳው ላይ ሰሌዳ አለ። በአንዳንድ የሕዝብ ሜዳዎች ማሽን ማስገባት ክልክል ነው፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ከመጣ ማሽን ያለው ይነሳል። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ራኬት ይዘው ሲቆሙ አያለሁ። አይናገሩም፤ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ እጫወታለሁ ብዬ ልከራከር አልችልም፤ ሁልጊዜ የሚደርሱት ጎንበስ ብዬ ስለቅም ነው። ሜዳ ጠራጊ መስያቸው «ስትጨርስ እንግባ?» ያሉኝ አሉ። ፒክልቦል ተጫዋቾች ከመጡማ አራት ሆነው ነው የሚመጡት፣ የፕላስቲክ ኳሳቸው ጧ ጧ ሲል ማሽኔ እንኳ ይደነግጣል።

ስመለስ እቆጥራለሁ። 149። እንደገና እቆጥራለሁ፣ 148። አንዴ 151 መጥቶልኝ የማን እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ። ቀን ላይ በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ፤ ማሽኑን ቤት አውርጄ፣ ሸሚዝ ቀይሬ፣ መኪናዬን ጠረግ ጠረግ አድርጌ እወጣለሁ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት አንድ ወጣት ኤርፖርት ሳደርስ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ያዝኩ። ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ተንከባሎ መጥቶ ጫማው ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አገላበጠው፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል እጁን ዘርግቶ አቀበለኝ።

ማሽኑን ከገዛሁ ወዲህ ኳስ አንስቶ የሰጠኝ የመጀመሪያው ፍጡር ነው። ጉርሻ ግን አልተወም።