የሁለተኛው ቫዮሊን ወረቀት

ሩዶልፍ ኮሊሽ የቫዮሊኑን ደጋን የሚይዘው በግራ እጁ ነበር። ልጅ ሳለ የግራ እጁ መሀል ጣት ክፉኛ ተጎዳበት። በዚያ እጅ ገመድ መርገጥ አልሆን ሲለው ቫዮሊኑን አዙሮ፣ ቀኙን ለገመድ ግራውን ለደጋን አድርጎ፣ እንደገና ከሀ ጀምሮ ተማረ። እንዲህ ተምሮም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተሰሙት ኳርቴቶች ሁሉ እኔ አንደኛ የምለውን መራ።

እኔን የሚደንቀኝ የእጁ ነገር ብቻ አይደለም። የኮሊሽ ኳርቴት መድረክ ሲወጣ ከፊቱ ኖታ አያስቀምጥም ነበር። አራት ሰው፣ አራት መሣሪያ፣ በቃ። ሞዛርትና ቤትሆቨን ቢሆን እሺ፣ ጆሮ የለመደው ነው። እነርሱ ግን የዘመናቸውን አቀናባሪ የሾንበርግን ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሥራ ሳይቀር በቃላቸው ይወጡት ነበር። ሲለማመዱም እያንዳንዱ የራሱን ፓርት ይዞ አይደለም፤ የአራቱም ድርሻ ተደራርቦ የተጻፈበትን ሙሉውን ስኮር ነበር የሚያጠኑት። ሁለተኛው ቫዮሊን የቼሎውን ድርሻ እንደራሱ ያውቀዋል ማለት ነው። እኔ ሁለተኛ ቫዮሊን ስለምጫወት ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

የአልባን በርግን «ሊሪክ ስዊት» እ.ኤ.አ. በጥር 1927 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙት እነርሱ ናቸው። የሾንበርግን ሦስተኛና አራተኛ፣ የባርቶክን አምስተኛና ስድስተኛ ኳርቴትም እንዲሁ። (ሾንበርግ የኮሊሽን እህት ገርትሩድን በ1924 ስላገባ አማቾችም ነበሩ።) የባርቶክን አምስተኛ በ1935 የተጫወቱት ዋሽንግተን፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እኔ ከሥራ መልስ ነጻ ኮንሰርት ሲኖር ጥግ ይዤ የምቀመጠው በዚያው አዳራሽ ነው፤ ስቀመጥ ሁሌም ይህን አስባለሁ።

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ ኮሊሽ ወደ ቪየና መመለሻ አጣ፤ ኑሮው አሜሪካ ሆነ። ኳርቴቱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ቪዮላ ተጫዋቹ ዩጂን ሌነር ቦስተን ሲምፎኒ ገባ፤ ሁለተኛው ቫዮሊን ፌሊክስ ኩነር ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ኮሊሽ ከ1944 ጀምሮ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ወደ ቦስተን መጥቶ በ1978 እስኪሞት ድረስ ኳርቴት ሲያስተምር ኖረ። ሰዎቹ እንዲያ ተበታተኑ፤ ወረቀቱ ግን አንድ ላይ ቀረ። ዛሬ ካምብሪጅ፣ ሃርቫርድ፣ ሆውተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በኮሊሽ ስም ተቀምጧል።

በቃሉ የሚጫወት ሰው የተወው ወረቀት ምን ይመስል ይሆን? በየካቲት ብርድ፣ ሌሊት፣ ከዋሽንግተን ቦስተን የሚሄድ አውቶቡስ ያሳፈረኝ ይህ ጥያቄ ነው። ከደረት ኪሴ አጠገብ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ወረቀት ነበር። እሱ የጋሼ ነው።

ጋሼ እንላቸው ነበር፣ ቫዮሊን ያስተማሩን ሰው። አዲስ አበባ አርፈው ልጃቸው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ኖታ ይዛ መጣች። «ቆራሊዮ በኪሎ ልውሰደው ብሎኝ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብላ ሻንጣውን ከነአቧራው ለእኔ ሰጠችኝ። ሃይድን፣ ሞዛርት፣ ቤትሆቨን፤ ላይፕዚግ የታተሙ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያላቸው፣ ጀርባቸው በፕላስተር የተለጠፈ። ስከፍታቸው ግን ኅትመቱን አላየሁም። ያየሁት እርሳሱን ነው።

ጋሼ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። የጣቱ ቁጥር በተለመደው አኃዝ፣ የልምምድ ማስታወሻው በአማርኛ፣ ቴምፖው በግዕዝ ቁጥር። የቤትሆቨን ኦፐስ 59 ቁጥር 1፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ፹፰ ተጽፏል። ተሰርዟል። ከጎኑ ፸፪። እሱም ተሰርዟል። ከበላዩ እንደገና ፹፰፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ከመጀመሪያው መስመር ሥር፦ «ቼሎውን ስማ።» ገጹ ከሚገለበጥበት ጥግ ደግሞ፦ «እዚህ ጋ ትንፋሽ፤ ቪዮላው እስኪደርስ።»

ይህ ሥራ የሚጀምረው በቼሎ ነው። ዜማው የቼሎው ነው፤ ሁለተኛው ቫዮሊንና ቪዮላው ከበላዩ አንዷን ድምፅ እየደጋገሙ ይመታሉ። ሰው የሚሰማው ቼሎውን ነው፣ ፍጥነቱ ያለው ግን በእነዚያ ሁለት መሣሪያዎች እጅ ነው። ቤትሆቨን ኳርቴቱን በ1806 ጽፎ፣ ፍጥነት የሚለካው ሜትሮኖም የሚባለው መሣሪያ ከመጣ በኋላ ቁጥር ሰጠው፤ በደቂቃ 88 ግማሽ ኖታ። በዚያ ፍጥነት የእኔ ድርሻ በደቂቃ 352 ምት ነው። ክንድ ያቃጥላል። አብዛኛው ኳርቴት ቁጥሩን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ሜትሮኖሙ ተበላሽቶ ነበር የሚልም አለ።

ኮሊሽ ግን አላለፈም። በ1943 «ቴምፖና ጠባይ በቤትሆቨን ሙዚቃ» በሚል ርዕስ ባሳተመው ጽሑፍ የቤትሆቨን ቁጥሮች ቁም ነገር ናቸው ብሎ ተከራከረ። ከዚያም አልፎ የየሥራውን ክፍሎች ጠባይ እያዛመደ፣ ቁጥር ያልተሰጣቸው ሥራዎች ምን ያህል መፍጠን እንዳለባቸው አሰላ። እኔ የኮሊሽ ወገን ነኝ፤ ጋሼም መጨረሻ ላይ የእርሱ ወገን ሆነው ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጠው ያንን ፹፰ ከየት አገኙት? ማን ነገራቸው? ለምን ወደ ፸፪ ወረዱ፣ ለምንስ ተመለሱ? የኮሊሽንና የጋሼን እርሳስ ጎን ለጎን ማየት ነበር ምኞቴ።

አውቶቡሱ ኒው ዮርክን አልፎ ኮኔቲከት ሲገባ የበረዶው ውሽንፍር ጀመረ። መጀመሪያ መስታወቱ ነጣ፤ ቀጥሎ ከፊት ያሉት የመኪና መብራቶች ጠፉ፤ ከዚያ ሾፌሩ «መንገዱ ተዘግቷል» አለና አንድ ማረፊያ ጣቢያ አስገብቶን ሞተሩን ለሙቀት ብቻ እያስነሳ አሳደረን። ስልኬ በዚያው ሞተ። ካምብሪጅ ራት ሠርተው የሚጠብቁኝ እትዬ፣ የእናቴ አብሮ አደግ፣ ምን እንዳሰቡ እያሰብኩ ጨነቀኝ።

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ በጣሪያዋ መብራት የጋሼን ፓርት አነበብኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ምን እንደሆነ ጠየቀኝና የበርግን ታሪክ ነገርኩት። «ሊሪክ ስዊት» ለሃምሳ ዓመት ያህል ቃል የሌለው ኳርቴት ተብሎ ሲሰማ ኖረ። በ1977 ጆርጅ ፐርል የተባለ አሜሪካዊ አቀናባሪ አንድ ቅጂ ማግኘቱን አሳወቀ፤ በርግ ሃና ፉክስ ለተባለች፣ በምስጢር ለሚወዳት ባለትዳር ሴት፣ በኅትመቱ ላይ በሦስት ቀለም በእጁ እየጻፈ የሰጣት ነው። የትኛው ዜማ እርሷ፣ የትኛው ልጆቿ፣ የትኛው እርሱ እንደሆነ ሁሉ አለበት። ቅጂውን ያቆየችው የሃና ሴት ልጅ ናት። ሱቅ የሚሸጠው ስኮር ኖታው አንድ ዓይነት ነው፣ ያ ሁሉ ግን የለበትም። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «ቢጥሉትስ ኖሮ?» አለ። እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱው ነው።

ቦስተን የደረስነው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። ከባቡር ወርጄ ወደ እትዬ ቤት ስራመድ የበረዶ ጠራጊ መኪና በአጠገቤ አለፈ፤ መንገድ ዳር የተጠራቀመውን ጭቃማ በረዶ ከጉልበቴ እስከ አንገቴ ለቀቀብኝ። ካፖርቴ ውስጥ ዘልቆ፣ ፕላስቲኩ መታጠፊያው ላይ ተቀዶ ኖሮ፣ ወረቀቱ ጋ ደረሰ።

«ውይ ልጄን! በረዶ በልቶህ መጣህ?» አሉ እትዬ በሩን ከፍተው። እኔ ግን ሰላምታም አልመለስኩ፤ «እትዬ፣ ወረቀቱ!» ነው ያልኩት። አልጠየቁኝም። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፉ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ እየገለጥን በወረቀት መሐረብ ለያየናቸው፣ ከላይ ሌላ ፎጣ፣ ከፎጣው ላይ መጽሐፍ ቅዱስና የባለቤታቸውን የሕክምና መጻሕፍት ጫኑበት። በየሰዓቱ መሐረቡን ስንቀይር አመሸን። ሽፋኑ ላይ የነበረው የጋሼ ወይን ጠጅ ማኅተም ሟሙቶ ሐምራዊ ኩሬ ሆነ፤ ስማቸው አይነበብም። በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀንም ሄደ። እርሳሱ ግን አንዲት ጭረት አልተነካችም። ፹፰ እንዳለ አለ፤ «ቼሎውን ስማ» እንዳለ አለ። ውሃ እርሳስን አያሟሟውም።

ቤታቸው ውስጥ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ተከፍቶ ነበር። እማሆይም በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሲማሩ ቫዮሊን እንደተማሩ ስነግራቸው እትዬ ገረማቸው። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ በእጃቸው የጻፏቸው ኖታዎች በየከረጢቱ ተቀምጠው ነበር፤ ማያ ዱኒየትዝ የተባለች እስራኤላዊት ፒያኒስት ከሌሎች ጋር ሆና አደራጅታቸው በ2013 በመጽሐፍ ወጡ። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። መጽሐፉን በሕይወት እያሉ ማየታቸው ደስ ይለኛል፤ ለብዙ ሙዚቀኞቻችን ይህ አልሆነላቸውም።

«ታዲያ ነገ ሄደህ የዚያን የፈረንጁን ታያለህ» አሉኝ። በማግስቱ ግን ከተማው እንዳለ ተዘግቶ ዋለ። ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ባቡሩም። የእኔ የሥራ ፈረቃ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሌላ ቀን አልሰጠኝም። አካፋ ይዤ የእትዬን ደጅ ስጠርግ ዋልኩና በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለስኩ። የኮሊሽን ሣጥኖች አላየሁም።

ቤት ስደርስ የጠበቀኝ ነገር ከበረዶው ይብሳል። ከመሄዴ በፊት የአንደኛውን ቫዮሊን ፓርት ስካን እንዲደረግ አንድ ማተሚያ ቤት ትቼው ነበር። እዚያ የሚሠራው ልጅ ቅን ሰው ነው፤ «የቆሸሸውን አጽድቼልሃለሁ፣ አላስከፍልህም» አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች በላጲስ አጥፍቷቸዋል። በመስኮት ብርሃን ገጹን አጋድሜ ስመለከት የእርሳሱ ዱካ ወረቀቱ ላይ አለ፤ አንዳንዱ ይነበባል፣ አንዳንዱ አይነበብም። ልጁን ምን ልበለው? ኖታ የሚያከራዩ አሳታሚዎችም ስትመልሱ ምልክቱን አጥፉ ይላሉ፤ ኦርኬስትራ ውስጥ የሠራ ሁሉ ኮንሰርት ባለቀ ማግስት በላጲስ ሲፈትግ አምሽቷል። ንጹሕ ወረቀት ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው። እኔ በፍጹም አልስማማበትም። ኅትመቱን ዓለም ሁሉ አለው፤ አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ተጨቃጭቀው፣ ጀምረው አቁመው የደረሱበትን የያዘው እርሳሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ተገናኝተን ኦፐስ 59ን በጋሼ ፓርት ሞከርነው። በ፸፪ ሲሄድ ያምራል፤ ለእኔ ክንድም ይመቻል፤ ቼሎ የምትጫወተው ጓደኛችን ግን ዜማው መሀል ላይ እየተቆረጠባት ተቸገረች። በ፹፰ ሞከርን። ክንዴ ነደደ፤ እርሷ ግን የመጀመሪያውን ሐረግ ሳትቆርጥ እስከ ጫፉ ወሰደችው፤ ሁላችንም ደጋናችንን አንሥተን ተያየን። ጋሼ ለምን እንደተመለሱ የገባኝ ያኔ ነው። ከማን እንደሰሙት አሁንም አልገባኝም። የኮሊሽ ሣጥኖች እስካሉ ድረስ ግን በረዶው ሲቀልጥ ካምብሪጅ እሄዳለሁ፤ እትዬ ክፍሉን እንደያዙልኝ ነው።

አሁን ፓርቶቹን ሁሉ አሲድ በሌለው ወረቀት ለይቼ ሣጥን ውስጥ አስገብቻለሁ፤ እያንዳንዱን ገጽ ከነእርሳሱ ፎቶ አንሥቻለሁ። የኦፐስ 59 የቪዮላው ፓርት ግን ከሻንጣው ውስጥ የለም። ጋሼ ለአንድ ተማሪያቸው አውሰውት እንደነበር ልጃቸው ታስታውሳለች፣ ለማን እንደሆነ አታውቅም። «ቪዮላው እስኪደርስ» ብለው የጻፉት ለማን እንደሆነ፣ ለቪዮላውስ በዚያ ቦታ ምን ብለው እንደጻፉለት የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ይሁን፣ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት ወይም ቴል አቪቭ፣ ይህን የሚያነብ የዚያ ዘመን ተማሪ ካለ የድሮ ኖታውን አንድ ጊዜ ይፈትሽልኝ፦ አረንጓዴ ሽፋን፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ፣ ወይን ጠጅ ማኅተም ያለበት፤ ውስጡ የአማርኛ ጽሑፍና የግዕዝ ቁጥር። ከተገኘ ላጲስ አይንካው፤ እንዳለ ለጋሼ ልጅ ይድረስልኝ።